አልበርታ ሲገቡ የጤና ካርድ አወጣጥ፦ ከአገር ቤት ለመጣም፣ ከሌላ ፕሮቪንስ ለተዛወረም

"የካናዳ ጤና ካርድ" የሚባል ነገር የለም። በ1984 የወጣው የካናዳ ጤና ሕግ የፌዴራል ነው፤ መድኑን የሚያስተዳድረውና ካርዱን የሚሰጠው ግን እያንዳንዱ ፕሮቪንስ ለየብቻው ነው። ስለዚህ ቶሮንቶ ያለው የአጎትዎ ልጅ "እኔ እንዲህ ነው ያደረግኩት" ቢልዎት ነገሩ ካልጋሪ ላይ ላይሠራ ይችላል። ይህ መመሪያ የአልበርታን መድን ብቻ ይመለከታል፤ ካልጋሪም ይግቡ ኤድመንተን፣ ብሩክስም ይሁን ፎርት ማክመሪ፣ አሠራሩ አንድ ነው። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ስለ ገንዘቡ። አገር ቤት በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በየዓመቱ መዋጮ መክፈል የለመደ ሰው "ስንት ነው የሚከፈለው?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በአልበርታ ወርሃዊ መዋጮው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ጀምሮ ቀርቷል። ቅጹም በነፃ ነው የሚገኘው። "ሔልዝ ካርድ አስወጣልሃለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት የሚከፍሉት ለእሱ ድካም እንጂ ለመንግሥት እንዳልሆነ ይወቁ።

ከየትኛው ወገን ነዎት?

ካርዱን የሚያገኘው በአልበርታ ነዋሪ የሆነ፣ ካናዳ ለመኖር ሕጋዊ ፈቃድ ያለው፣ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 183 ቀን በአካል አልበርታ የሚቆይ፣ በሌላ ቦታም ነዋሪ ነኝ ብሎ ጥቅም የማያገኝ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አካሄድ እንደ አመጣጥዎ ይለያያል።

ፒአር (የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ) ይዘው በቀጥታ ከውጭ አገር የመጡ ከሆነ መንገዱ ቀላል ነው። ከመጡ በ3 ወር ውስጥ ካመለከቱ መድንዎ አልበርታ ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። በስፖንሰር የመጣ የትዳር ጓደኛም፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በግለሰቦች ስፖንሰርነት የመጣ ስደተኛም እዚህ ውስጥ ይገባል።

ካናዳ ገብተው ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁ ከሆነ ለጊዜው የእርስዎ መድን የፕሮቪንሱ ሳይሆን ጊዜያዊው የፌዴራል ጤና ፕሮግራም ነው። ጥያቄዎ ተቀባይነት ሲያገኝ ለአልበርታው ያመለክታሉ። እስከዚያው "ካርድ የለኝም" ብሎ ሕመምን ተሸክሞ ቤት መቀመጥ ትልቅ ስህተት ነው፤ የጥገኝነት ጠያቂነት ወረቀትዎ ራሱ ለሕክምና ያገለግላል። ቀጠሮ ሲይዙ ክሊኒኩ ይህን የፌዴራል ፕሮግራም ይቀበል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ የማይቀበል አለና።

የሥራ ወይም የትምህርት ፈቃድ ያላቸውም ማመልከት ይችላሉ፤ እነሱ ላይ ፈቃዱ ስንት ወር እንደሚያገለግል ይታያል፤ ስለዚህ ፈቃዱን ይዘው ይሂዱ። እዚህ ላይ የኦንታሪዮና የአልበርታ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ኦንታሪዮ የውጭ አገር ተማሪን በፕሮቪንሱ መድን አትሸፍንም፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ለብቻው የሚያስገዙት መድን አለ።

ለጉብኝት የመጣ ሰው አይሸፈንም። ይህ በእኛ ቤት ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጉዳይ ነው፦ አራስ ልጃቸውን ሊንከባከቡ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እናት ልጃቸው ካርድ ስላላት እሳቸውም በእሷ ስር የሚታከሙ ይመስላቸዋል። አይታከሙም። ሱፐር ቪዛ (ለወላጅና ለአያት የሚሰጠው የረጅም ጊዜ የጉብኝት ቪዛ) ሲጠየቅ ቢያንስ የ100,000 ዶላር የሕክምና ኢንሹራንስ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። በተራ የጉብኝት ቪዛ ለሚመጡ ማንም አያስገድድም፤ እኔ ግን የደም ግፊትና ስኳር ያለባቸውን ወላጅ ያለ ኢንሹራንስ አላስመጣም።

ከሌላ ፕሮቪንስ ለሚመጡ፦ አንዲት ቀን አንድ ወር ታስከፍላለች

ቶሮንቶ የቤት ኪራይ ሲከብድ ወደ ካልጋሪና ኤድመንተን የሚመጣው ወገን ብዙ ነው። ከሌላ ፕሮቪንስ የሚዛወር ሰው የአልበርታ መድኑ የሚጀምረው ነዋሪ ከሆነበት ወር ቀጥሎ ባለው ሦስተኛ ወር የመጀመሪያ ቀን ላይ ነው። ጁላይ 15 የገባ ቤተሰብ ኦክቶበር 1 ይጀምርለታል። ጁላይ 31 ማታ የገባም ያው ኦክቶበር 1 ነው። ኦገስት 1 ጠዋት የገባ ግን ኖቬምበር 1 ድረስ ይጠብቃል። የዕቃ መጫኛ መኪናውን ቀን የሚመርጡት እርስዎ ከሆኑ ይህን በሐሳብዎ ውስጥ ያስገቡት።

በዚህ መሐል ባዶ እጅዎን አይደሉም። የጥበቃው ጊዜ እስኪያልቅ የሚሸፍንዎት የለቀቁት ፕሮቪንስ ነው። ኦንታሪዮ ለምሳሌ ከወጡ በኋላ እስከ ሁለተኛው ሙሉ ወር መጨረሻ ድረስ ትሸፍናለች፤ ጁላይ 15 ለወጣ ሰው እስከ ሴፕቴምበር 30 ማለት ነው፤ ከአልበርታው ጋር ልክ ይገጥማል። ስለዚህ የድሮ ካርድዎን አይጣሉ፣ ቀድደውም አያስረክቡ። ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር። ለኦንታሪዮ ግን መልቀቅዎን ከነቀኑ ያሳውቁ።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው፣ የድሮው ካርድ በሌላ ፕሮቪንስ የሚያገለግለው ለሐኪምና ለሆስፒታል ነው። የሐኪም ማዘዣ መድኃኒት፣ የአምቡላንስ ክፍያ፣ የመሳሰለው እዚያ ሲያገኙት የነበረ ተጨማሪ ጥቅም አብሮዎት አይመጣም። በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ከመነሳትዎ በፊት ሐኪምዎ ለ3 ወር የሚበቃ እንዲያዝልዎ ይጠይቁ። ሁለተኛው የኬቤክ ጉዳይ ነው። ፕሮቪንሶቹ የሐኪም ሒሳብ እርስ በርስ የሚወራረዱበት ስምምነት አላቸው፤ ኬቤክ ግን የለችበትም። ከሞንትሪያል የመጣ ሰው ክሊኒክ ከገባ ከኪሱ ከፍሎ ደረሰኙን ለኬቤክ መላክ ሊኖርበት ይችላል፤ የሚመለስለትም በኬቤክ ታሪፍ ነው። ከሌላ ፕሮቪንስ ቢመጡም የውጭ ካርድ አንቀበልም የሚል ክሊኒክ አይጠፋም፤ ያኔም ደረሰኙን በዝርዝር አስጽፈው ይያዙ።

ከውጭ በቀጥታ ለመጣም አንድ የቀን ጉዳይ አለ። ከአዲስ አበባ የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቶሮንቶ ያርፋል፤ የላንዲንግ ወረቀትዎ (ቋሚ ነዋሪ ሆነው መግባትዎን የሚያረጋግጠው ወረቀት) የሚታተመውም እዚያው ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ካልጋሪ ወይም ኤድመንተን ከቀጠሉ የአገር ውስጡን በረራ ቲኬት ወይም ቦርዲንግ ፓስ አይጣሉ። "አልበርታ የገቡት መቼ ነው?" ሲባሉ የሚያሳዩት እሱን ነው፤ ኦንታሪዮ ነዋሪ አለመሆንዎም በእሱ ይታያል።

ሦስቱ ወረቀቶች

ለማመልከት ሦስት ነገር ያስረዳሉ፦ ማንነትዎን፣ ካናዳ ለመኖር ፈቃድ እንዳለዎትና አልበርታ መኖርዎን። ለእያንዳንዱ የተለያየ ወረቀት ይያዙ፤ አንዱን ወረቀት ለሁለት ጉዳይ ይዞ ከመከራከር ሦስተኛውን ይዞ መሄድ ይቀላል። ኮፒ ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ዋናው ይኑርዎት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙም አያስቸግሩም። ለማንነት ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ፤ ለፈቃዱ ፒአር ካርድ፣ ካርዱ ካልደረሰ የላንዲንግ ወረቀቱ፣ ዜጋ ከሆኑ የዜግነት ወረቀት ወይም የካናዳ ፓስፖርት።

ሰው የሚመላለሰው በሦስተኛው ነው። አዲስ መጪ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ዘመድ ቤት ወይም ወገን ያከራየው ቤዝመንት ውስጥ ነው። ሊዝ (የኪራይ ውል) የለም፤ ኪራዩ በእጅ ወይም በኢ-ትራንስፈር ይከፈላል፤ የመብራትና የጋዝ ቢሉ የሚመጣው በባለቤቱ ስም ነው። ሰውየው በአካል አልበርታ ነው፣ በወረቀት ግን የትም የለም። ስለዚህ ካርዱን ሳያስቡ በፊት፣ በገቡበት ሳምንት፣ ስምዎና አድራሻዎ አንድ ላይ የታተመበት ወረቀት መፍጠር ይጀምሩ። ቀላሉ ባንክ ነው። ፓስፖርትዎንና የላንዲንግ ወረቀትዎን ይዘው ሒሳብ ይክፈቱ፤ ከኦንታሪዮ የመጡ ከሆነ አድራሻዎን ያስቀይሩ፤ ከዚያ አድራሻው ያለበትን ስቴትመንት (የሒሳብ መግለጫ) አስትመው ይያዙ። ሥራ ከጀመሩ አዲሱ አድራሻ ያለበት ፔይ ስታብ (የደመወዝ ወረቀት) ይሆናል። ቤቱ የዘመድ ቢሆንም አጭር የኪራይ ውል መጻፍ ነውር የለውም፤ ስምዎ፣ ሙሉ አድራሻው፣ የገቡበት ቀንና የሁለታችሁ ፊርማ ይኑርበት። አከራይዎ "ታክስ ይመጣብኛል" ብሎ አልፈርምም ካለ አይጨቃጨቁ፤ በባንኩ መንገድ ይሂዱ።

አድራሻውን ሲያስጽፉ ካልጋሪና ኤድመንተን የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ካልጋሪ ውስጥ አንድ ዓይነት ቁጥር ያለው መንገድ በሰሜን ምሥራቅም በደቡብ ምሥራቅም ይገኛል። ኖርዝ ኢስት ወይም ሳውዝ ኢስት የሚለው ከመጨረሻው ከወደቀ ደብዳቤዎ ከተማውን አቋርጦ ሌላ ሰው ደጃፍ ይደርሳል። ቤዝመንት የሚኖሩ ከሆነም እሱን ያስገቡ። የአካባቢው የጋራ ፖስታ ሣጥን ቁልፍ ያለው አከራይዎ ጋ ብቻ ከሆነ ደብዳቤ እንደሚጠብቁ ይንገሩት።

ስምና የልደት ቀን

የእኛ ስም አጻጻፍ ለዚህ አገር ቅጽ አልተሰፋም። ፓስፖርቱ ላይ አያት እንደ ቤተሰብ ስም ተመዝግቦ "ዓለሙ፣ አበበ ከበደ" ይላል፤ ባንኩ "አበበ ከበደ" ብሎ ይጽፋል፤ ሊዙ ላይ ደግሞ "አቤ"። ለእኛ ሦስቱም አንድ ሰው ነው፤ ቅጹን የምታየዋ ሠራተኛ ግን ሦስት ሰው ልታይ ትችላለች። መመሪያው አንድ ነው፦ ሁሉም ነገር ላንዲንግ ወረቀቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ፣ ፊደል በፊደል። ላንዲንግ ወረቀቱ ራሱ ስህተት ካለበት ጤና ካርዱ ላይ ለማረም አይሞክሩ። መጀመሪያ ኢሚግሬሽን ያርመው፤ ካርዱ በኋላ ይከተላል።

ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው መቅረባቸውም የተለመደ ነው። በአንድ ቅጽ የትዳር ጓደኛንና ልጆችን ማስገባት ይቻላልና፣ የጋብቻና የልደት የምስክር ወረቀቶችን ከነትርጉማቸው ይያዙ። ቢጠየቁ አለዎት፤ ባይጠየቁም ቦርሳዎን አይከብዱትም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ልደት ካለ ወደ ፈረንጆቹ ሲቀየር 7 ወይም 8 ዓመት እንደሚጨምር ተርጓሚው ማስላቱን ራስዎ ያረጋግጡ። ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንዲት ቀን እንኳ መለያየት የለበትም። ያላገቡ ልጆች እስከ 21 ዓመት፣ ሙሉ ቀን ተማሪ ከሆኑ እስከ 25፣ በእርስዎ ስር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ልጅ የራሱን ቅጽ ይሞላል።

ሬጂስትሪ

የሚሄዱት ሆስፒታል ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። አልበርታ ውስጥ መንጃ ፈቃድና የመኪና ታርጋ የሚሰጡት፣ መንግሥት ፈቃድ የሰጣቸው የግል ድርጅቶች ናቸው፤ ሬጂስትሪ ይባላሉ። ብዙዎቹ ከፒዛ ቤትና ከፋርማሲ ጎን፣ የገበያ ማዕከል ውስጥ ናቸው። የጤና መድኑን ማመልከቻም የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ቅጹ ኤኤችሲ 0102 ይባላል፤ ከኢንተርኔት አውርደው ቤት ሞልተው ቢሄዱ ይሻላል፤ መስኮቱ ላይ ቆሞ ከመጻፍ ያድናል።

ቅጹ ላይ በጥንቃቄ የሚሞላው ሦስት ቦታ ነው፦ አልበርታ የገቡበት ቀን፣ ከየት እንደመጡና የቀድሞ የጤና ካርድ ቁጥርዎ። ባልና ሚስት ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንደኛው ሥራ ላይ ሆኖ ፊርማው ቀርቶ የተመለሰ ማመልከቻ ጥቂት አይደለም። ከሌላ ፕሮቪንስ የመጣ ሰው መንጃ ፈቃዱንም በ90 ቀን ውስጥ መቀየር ስላለበት ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ቀን ይጨርስ፤ የመንጃ ፈቃዱ ግን ክፍያ አለው።

3 ወሩን አያሳልፉ። ካለፈም ያመልክቱ፤ ግን መድኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከመጡበት ቀን ላይቆጠር ይችላል፣ በመሐል የታከሙበትም ሒሳብ በእርስዎ ላይ ሊቀር ይችላል። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት ካልጋሪ ውስጥ የካልጋሪ ካቶሊክ ኢሚግሬሽን ሶሳይቲ፣ ኤድመንተን ውስጥ ኤድመንተን ሜኖናይት ሴንተር ፎር ኒውከመርስ አዲስ መጪዎችን በነፃ ያግዛሉ። የማኅበራዊ አገልግሎት መረጃ ወደሚሰጠው ስልክ 211 ደውለው ሌሎችንም ማግኘት ይችላሉ።

ካርዱ እስኪደርስ፣ ከደረሰም በኋላ

ዋናው ነገር ባለ 9 አሃዝ የጤና ቁጥርዎ ነው። ቤተሰብ አንድ ላይ ቢያመለክትም ሁሉም ሰው የየራሱ ቁጥር አለው፤ የሕፃኑም ጭምር። የአልበርታ ካርድ ለረጅም ዓመታት ፎቶ የሌለው ተራ ወረቀት ስለነበር ብዙ ሰው ከልብሱ ጋር አጥቦታል። ቁጥሩን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት፤ ካርዱን ግን በቫይበርም በቴሌግራምም ለማንም አይላኩ።

ካርዱ ሳይደርስ ከታመሙ ይሂዱ። ድንገተኛ አደጋ ከሆነ 911 ይደውሉ ወይም ኢመርጀንሲ ይግቡ፤ ካርድ የለህም ተብሎ የሚመለስ ድንገተኛ በሽተኛ የለም። "ይህ ኢመርጀንሲ የሚያስኬድ ነው ወይስ እስከ ጠዋት ይቆያል?" የሚል ጥርጣሬ ካለዎት ደግሞ 811 ይደውሉ። ሌት ተቀን ነርስ ያነሳል፤ "አምሃሪክ" ብቻ ይበሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኙዎታል። እኔ ልጆች ላሉት አዲስ መጪ መጀመሪያ የማስመዘግበው ቁጥር ይህን ነው።

የማይሸፍነው

ሐኪም ማየት፣ ሆስፒታል መተኛት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድ፣ ሐኪም ያዘዘው ላቦራቶሪና ራጅ ተሸፍኗል። ከሆስፒታል ውጭ የሚገዙት መድኃኒት፣ ጥርስና መነጽር ግን በመሠረታዊው መድን የሉም። የዓይን ምርመራ የሚሸፈነው ከ19 ዓመት በታች ለሆኑና ለ65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። አምቡላንስም ነፃ አይደለም፤ ጭኖ ከወሰደዎት 385 ዶላር የሚል ቢል በፖስታ ይመጣል። ይህን ፈርተው የደረት ሕመም ያለበትን ሰው በራስዎ መኪና አይውሰዱ፤ ቢሉ በየወሩ ተከፋፍሎ ይከፈላል።

ቀዳዳውን የሚደፍኑበት መንገድ አለ። የሥራ ቦታዎ ቤኔፊት (ለሠራተኛ የሚሰጥ ተጨማሪ መድን) ካለው መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ። ከሌለው ከ65 ዓመት በታች ለሆኑ ነዋሪዎች ብሉ ክሮስ በሚባለው የመድን ድርጅት በኩል የሚሰጠው የፕሮቪንሱ የግለሰብ መድን አለ፤ ወርሃዊ ክፍያ አለው፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ይቀንሳል፣ ቀድሞ የነበረ በሽታ አለብህ ብሎም አይመልስም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ አልበርታ ቻይልድ ሔልዝ ቤኔፊት መድኃኒት፣ ጥርስና መነጽር ይሸፍናል። የጥርስ ኢንሹራንስ የሌለውና የቤተሰቡ ገቢ ከ90,000 ዶላር በታች የሆነ ሰው ለፌዴራሉ የጥርስ ፕሮግራም ያመልክት። ታዲያ እነዚህ ገቢ እያዩ የሚሰጡት ጥቅሞች የሚጠይቁት የታክስ ወረቀት ነው፤ ገቢ ባይኖርዎትም ታክስዎን በየዓመቱ ያስገቡ።

ፋሚሊ ዶክተር

ካርድ ማውጣትና ሐኪም ማግኘት ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው፤ ካርዱ ሐኪም አይመድብልዎትም። አልበርታ ፋይንድ ኤ ዶክተር የሚባለው ድረ ገጽ አዲስ ታካሚ የሚቀበሉትን በሰፈር ያሳያል። እዚያ ካላገኙ ወደ ክሊኒኮቹ ይደውሉ፤ ኢትዮጵያዊ ፋርማሲስት ካወቁም እሱን ይጠይቁ፤ የትኛው ሐኪም በር እንደከፈተ ከድረ ገጹ ቀድመው የሚያውቁት ፋርማሲዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ቀጠሮ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነእሽጋቸው፣ የልጆቹን የክትባት ካርድም ይዘው ይሂዱ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማሳወቅ ነው። ቤት ሲቀይሩ፣ ሲያገቡ ወይም ሲፋቱ፣ ልጅ ሲወለድ፣ የሥራ ፈቃድ ሲታደስ ወይም ወደ ፒአር ሲቀየር ለመድኑ ይነገራል። ጊዜያዊ ፈቃድ ያለው ሰው መድኑ ከፈቃዱ ጋር አብሮ ስለሚያልቅ አዲሱ ፈቃድ እንደወጣ ያስመዝግብ። አገር ቤት ረዘም ላለ ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ 183 ቀኑን ያስሉ፤ የጉዞ ኢንሹራንስም ይግዙ። አልበርታ ከካናዳ ውጭ ሆስፒታል ለተኛ ሰው ለሆስፒታሉ ወጪ የምትመልሰው በቀን እስከ 100 ዶላር፣ ሳይተኛ ለታከመ እስከ 50 ዶላር ብቻ ነው፤ በአውሮፕላን መመለስ ካስፈለገ ደግሞ ወጪው የራስዎ ነው።